አባዬ፣ ቃል የገባህላቸው ሁሉ መጡ

አባዬ፣ አሰላሙ አለይኩም። ከተለየኸን ሰባት ወር አለፈ። እስካሁን ሳልጽፍልህ የቆየሁት ረስቼህ ሳይሆን አንተው ጥለህብኝ በሄድከው ሥራ ተጠምጄ ነው። ትንሽ ተናድጄብሃለሁ፣ አስቀድሜ ልንገርህ።

ቤት ሁሉም ደህና ነው። እማዬ ሬዲዮውን የሚዘጋባት ስላጣች ከጠዋት እስከ ማታ ከፍታው ትውላለች። ጀማል ሂርማታ ገበያ ያለውን ሱቅህን ይዟል። ሶፋ መሥራት ጀምሯል፤ አትቆጣ፣ የዘንድሮ ሙሽሮች የሚጠይቁት ሶፋ ነው። በርጩማውንም አልተወም። ሦስት እግር ያለው በርጩማ አይወዘወዝም ትል ነበር አይደል? የጀማልን ስላላየህ ነው።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። የቀብርህ ቀን ጀማል እንደ ወጉ ሰዉ ፊት ቆሞ፣ በአባታችን ላይ ሐቅም ዕዳም ያለው ይምጣ፣ እኛ አለን አለ። ምናልባት ያልተረከበውን በርጩማ የሚጠይቅ አንድ ሰው ይመጣል ብለን ነበር። ወላሂ አንድም ሰው በርጩማ አልጠየቀም። በሦስተኛው ቀን ግን አንዲት ሴትዮ ከሰኮሩ መጡ። እማዬን አጽናንተው፣ እንባቸውን ጠርገው፣ ወደ እኔ ዞሩና ባላቸው ሳይነግራቸው የሸጠባቸውን ፍየል ጉዳይ መቼ እንደምጀምርላቸው ጠየቁኝ። አባትሽ ቃል ገብቶልኛል አሉ።

በማግስቱ ትራፊክ የቀጣው የባጃጅ ሾፌር መጣ። በሳምንቱ ሦስት ሆነው መጡ። ለካ አንተ በርጩማ ስትሸጥ፣ ደንበኛው ቀንስልኝ ሲልህ፣ ዋጋውን ንክች አታደርግም፤ በምትኩ እኔን ምርቃት አድርገህ ትጨምር ነበር! «ልጄ ሕግ ናት፣ የምትቸገርበት ነገር ካለ እሷ ትጨርስልሃለች።» አባዬ፣ እኔ አራተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ፈቃድ የለኝም። ፍርድ ቤት የገባሁት ለትምህርት ተብሎ በአውቶቡስ ስንወሰድ ነው፣ ያኔም ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ፖሊሱ ስልክሽን አጥፊ ብሎኛል።

ይሄን ሁሉ ለእማዬ አስረዳኋት። እሷ ግን ቃልም ሐቅ ነው፣ ሐቅ አንገቱ ላይ እያለ አባትሽ በቀብሩ አያርፍም ብላ ድርቅ አለች። በአስተማሪዬ ላይ ይግባኝ እላለሁ፣ በእማዬ ላይ ግን ለማን ይግባኝ ይባላል? እሺ አልኩ። ለሰኮሩዋ ሴትዮ የሽምግልና ሰዎች ፈልጌላቸው ባልየው ሌላ ፍየል ገዛ። የባጃጁን ልጅ ቅጣቱን ክፈል አልኩት፣ ጥፋቱ የራሱ ነበር፣ ተቀየመኝ።

የአሰንዳቦውን ሰውዬ ታስታውሰዋለህ? የጎረቤቱ አቮካዶ ቆርቆሮው ላይ እየወደቀ ሶላት አላሰግድ ያለው። ስለ ጎረቤታሞች የሚናገረውን ሕግ አጥንቼ፣ ደብተሬን ይዤ፣ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድኩ። ጎረቤትዬውን አስጠርቼ ክሱን ሳነብለት ደነገጠ። ይሄንን ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልነገረኝም አለ። እውነትም አልነገረውም! ለአንተ ነግሮሃል፣ ለእኔ ነግሮኛል፣ ለመስጊዱ ሰው ሁሉ ነግሯል፣ ለጎረቤቱ ግን አፍሯል። ቅርንጫፉ ከሰዓት በኋላ ተቆረጠ። ከዚህ በኋላ ስለ ሕግ ሙያ ያለኝ አስተያየት ይሄ ነው፦ ሰው ቢነጋገር ኖሮ እኛ በረሃብ እናልቅ ነበር።

የአገልግሎት ክፍያዬ አንድ ጆንያ አቮካዶ ነበር። የዶርም ጓደኞቼ ሳምንቱን ሙሉ በልተው አሁን መቼ ነው ችሎት የምትሄጂው ይሉኛል። እነሱ ሙያቸውን መርጠዋል። አንዷ ዐቃቤ ሕግ እሆናለሁ ትላለች፣ ሰው መክሰስ ከልጅነቷ ጀምሮ ትወዳለች። ሌላዋ ሀብታም አግብቼ ዲግሪውን ግድግዳ ላይ እሰቅላለሁ ትላለች፣ እኔ በዚህ ምንም ስህተት አላየሁበትም። እኔ የባንክ ነገረ ፈጅ መሆን ያምረኛል፤ ደመወዙ በጊዜው ይገባል፣ ወንበሩም ይሽከረከራል። አንተ ግን ይሄን ስነግርህ፣ የሚሽከረከር ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ሐሳቡም አይረጋም ብለህ ስቀህብኛል። ገንዘብ አያስደስትም የሚለውንም ነገር አላምንበትም፤ የምወደውን ጫማ ስገዛ ደስ ብሎኛል፣ ተፈትኖ የታየ ነው።

እንዲህ እያልኩ ቃልህን ሁሉ ጨረስኩልህ ብዬ ተንፈስ ስል አባ ዲኮ መጡ።

አዎ፣ አባ ዲኮ። ሱቃቸው ከሱቅህ ጋር ግድግዳ የሚጋራው፣ አብረሃቸው ያደግኸው፣ በኋላ ግን ስድስት ዓመት ያኮረፍካቸው። መጋዝ ስትዋሱ እንኳ በሻይ ሻጯ በኩል ነበር የምትላላኩት። ሙስሊም ወንድሙን ከሦስት ቀን በላይ አያኮርፍም ብለው ሽማግሌዎች ሲመክሩህ የመለስከውን አልረሳም። አላኮረፍኩትም፣ ከጎኔ ነው የሚሰግደው፣ ስግደቱ ሲያልቅ ፊቴን አዙሬ በቀን አምስት ጊዜ ሰላም እለዋለሁ አልክ። ከእኔ ይልቅ ሕግ መማር የነበረብህ አንተ ነህ አባዬ።

የጠቡ ምክንያት ከሸቤ አብራችሁ ያስመጣችሁት የዋንዛ ግንድ ነው። ግንዱ ተሰነጠቀና ለማገዶ ሆነ። አንተ፣ ዲኮ ፀሐይ ላይ ጥሎት ነው ብለህ በገበያው ፊት አዋረድካቸው። እሳቸው ደግሞ እጄ አልነካውም አሉ። አባ ዲኮ በረንዳችን ላይ ተቀምጠው፣ የቀረበላቸውን ሳይነኩ፣ ቃልህን ነገሩኝ። እኔ ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ጊዜ በሻይ ሻጯ በኩል ልከህባቸው ነበር፦ ልጄ ስትማር እሷ ትዳኘናለች፣ እስከዚያ አንነጋገርም። እሳቸውም ተስማምተው ቆይተዋል። አሁን መቆየት አልቻልኩም፣ እኔም እያረጀሁ ነው አሉኝ።

በሕግ ሰው በአባቱ ጉዳይ አይፈርድም አልኳቸው። ታዲያ ወዴት ልሂድ፣ ባላንጣዬ እንደሆነ መቃብር ውስጥ ነው አሉ። አባዬ፣ ዳኛ መሆን አለመሆኔ አልነበረም ያስጨነቀኝ። ምስክር ነበርኩ። ያን ቀን ምሳህን ይዤልህ መጥቻለሁ። ግንዱ ገና እርጥብ ነበር፣ ጥላ ውስጥ ሳምንታት መቆየት ነበረበት። ያንተ ደንበኛ ደግሞ ይጣደፍ ነበር። ብቻህን እያንከባለልክ ወደ ፀሐይ አወጣኸው፣ ላብህን ጠርገህ፣ ትንሽ ይሙቀው አልከኝ። ስትክድ በገበያው መሀል ቆሜ ሰምቻለሁ። የአሥረኛ ክፍል ልጅ ነበርኩ፣ አባቴ ነህ፣ ዝም አልኩ። ከዚያም ስድስት ዓመት ዝም አልኩ።

እማዬ በሩ ላይ ቆማለች። ስታየኝ ገባት፣ በዓይኗም ተይው አለችኝ። ያቺ ሐቅ ሐቅ ስትል የከረመችው ሴትዮ! እኔም ስምህን ማበላሸት አልፈለግኩም፤ ከአንተ የቀረን ስምህ ነው። ግን ሽማግሌው ጉልበታቸውን ይዘው አፍ አፌን ያዩኛል።

«አባ ዲኮ፣ ግንዱን ፀሐይ ላይ ያወጣው አባቴ ነው። አይቻለሁ» አልኩ። ከዚያ ማልቀስ ጀመርኩ።

«አውቃለሁ» አሉኝ አባ ዲኮ፤ «እኔም ከሱቄ ሆኜ አይቼዋለሁ። ከእናንተ ቤት አንድ ሰው እንዲለው ነበር የምፈልገው።» እጃቸውን ዘርግተው አውፍ ብዬዋለሁ፣ ይቅር ብያለሁ፣ አላህም ይማረው አሉ። ወዲያው ደግሞ እያለቀሱ ሳቁ፤ በሕይወት ቢኖር ኖሮ እኮ አሁንም ይክድ ነበር አሉ። እማዬም ሳቀች። ካንተ በኋላ እንደዚያ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው።

አንተን ሳስታውስ ጥሩ ጥሩህን ብቻ መርጬ እንደማላስታውስህ እወቅ። ምሳ ሳቀብልህ መጀመሪያ ለእኔ የምትቆርስልኝን፣ ልጄ ሕግ ናት እያልክ የምትኮራብኝን፣ ግንዱን እያንከባለልክ ያወጣኸውንም፣ ሁሉንም ይዤህ እኖራለሁ። ለልጆቼም እንዲሁ ነው የምነግራቸው።

ባለፈው ጁምዓ ጀማል ሊዘይርህ ሲመጣ አባ ዲኮ ቀድመውት መቃብርህ አጠገብ ተቀምጠው አገኛቸው። ዱዓቸውን ጨርሰዋል፣ ግን አልተነሱም፤ ስለ ዋንዛ መወደድ፣ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ጀማል ሶፋ ያወሩልሃል። ጀማል እንዳያቋርጣቸው ተመልሶ መጣ። ስድስት ዓመት ያጠራቀሙት ነው አባዬ፣ እስኪጨርሱ ስማቸው።

ልጅህ ነጂማ