ከጠበሉ በፊት የደበቅሁት ክኒን

አስመራ፣ ኅዳር 12 ቀን 1961 ዓ.ም.

ለማንም ያልነገርሁትን ልጻፍ። የስኳር በሽታው የባሌን ኩላሊት ሲጎዳው፣ ሐኪሙ «ፈውስ ባይሆንም እብጠቱን ይቀንስለታል» ብሎ አዲስ ክኒን ሰጠኝ። ጠበልና መድኃኒት አይቀላቀልም ስለተባልሁ ክኒኑን ደበቅሁ፤ ባሌንም «ሐኪሙ ክኒኑን ተው ብሎሃል» ብዬ ዋሸሁት። እያበጠ ሞተ።

ዛሬ እኅቱን አልጋነሽን ለመጠየቅ ጥራቮሎ ሰፈር ሄድሁ። ያው በሽታ ይዟት እግሯ አብጧል፤ ክኒንም ታዞላታል።

«ሓፍተይ፣ እኅቴ፣ ክኒኑን ትቼ እንደ ወንድሜ ጠበል እገባለሁ። እሱን የወሰድሽው አንቺ አልነበርሽ?» አለችኝ።

«ክኒኑን እንኳ አትተዪው» አልኋት።

«ማንበብ ለመድሽና ሐኪም ሆንሽብን!» ብላ ሳቀችብኝ።

ምክንያቱን ልነግራት ፈልጌ፣ ፊቷን ሳይ አፈርሁና ወጣሁ። ሰኞ ጠበል ልትሄድ ነው። ከዚያ በፊት እንድታነበው ይህን ወረቀት አልጋነሽ እጅ ላይ አኖራለሁ።