መጀመሪያ ጅራቱ

መጋቢት 3
እኔ እናገራለሁ፣ ሚስቴ ትጽፋለች። ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትም። አርባ ዓመት ቆርቆሮና አሸንዳ ስሠራ፣ አፈሰሰ ተብሎ ተመልሼ የተጠራሁበት ቤት የለም።

ጠዋት የጎረቤት አሸንዳ ጠገንኩ። ከምሳ በኋላ አውሮፕላን አዘዝን። የሁለት ሰው፣ ተፈታቶ የሚመጣ፣ ራሴ የምገጣጥመው። ማብረሩ የልጃችን ነው፤ ፈቃድ አላት። ፋብሪካው መጀመሪያ የሚልከው ጅራቱን ብቻ ነው። እሱን የተወጣ ክንፉን ያዛል፣ ያቃተው እዚያው ይቀራል... እኔን ሊፈትኑ። በዚህ ዕድሜህ? አለችኝ ሚስቴ። ይሄንንም ጻፊ አልኳት።

ሚያዝያ 19
መርከቡ ገባ። ጉምሩክ ሄድን። ተቆጣጣሪው ሳጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ ጠየቀ። አውሮፕላን አልኩት። ወደ ኋላዬ አንገቱን አስግጎ ቀሪውስ የታለ አለ። ገና ነው፣ ይሄ ጅራቱ ነው። እየሳቀ ማህተሙን መታ። ይሳቅ።

ሚያዝያ 21
ሳጥኑን ከፈትን። የጎደለ ነገር በአሥራ አምስት ቀን ካልተነገረ ፋብሪካው አይሰማም። እሷ ዝርዝሩን እያነበበች፣ እየቆጠረች ምልክት አደረገች። ሁሉም ሙሉ ነው አለች። እኔ በእጄ ስዳብስ ሁለቱ ማያያዣዎች አላማሩኝም። ጅራቱን ግራና ቀኝ የሚይዙ ናቸው። የሁለቱም ቀዳዳ ወደ አንድ ጠርዝ የተጠጋ... ሁለቱም የግራ ናቸው አልኳት።

“ወረቀቱ ሁለት ይላል፣ ሁለት አሉ። ዓይንህ ደክሟል።”

በዓይኔ መቼ አየሁት? የቀኙ ከሌለ ጅራቱ አይገጥም። ጅራቱ ካልገጠመ ክንፍ የለም።

ሚያዝያ 23
ተኳርፈናል። የምላትን ትጽፋለች፣ ሌላ ቃል ከአፏ አይወጣም። ይሄንንም አንገቷን ደፍታ እየጻፈች ነው።

እጄም ደክሞ ይሆን?... አይ። ሰርዢው። ተይው፣ ይቀመጥ።

ሚያዝያ 24
ጠዋት ጋራዥ ስገባ ቀድማኛለች። ሁለቱን ማያያዣዎች አነባብራ ወደ መስኮቱ አንስታ ይዛለች። ቀዳዳው ከቀዳዳው ልክ ገጥሞ ብርሃን ያሳልፋል። ግራና ቀኝ ቢሆኑ እንዲህ ባልገጠሙ።

“አንተ ሰውዬ፣ ሁለቱም የግራ ናቸው።”

አላልኩሽም ልል ነበር፤ ምላሴን ያዝኩ። ዓይኗ አብጧል፤ እሷም አልተኛችም። ወዲያውኑ ለፋብሪካው ጻፈች።

ግንቦት 16
የቀኙ በፖስታ መጣ። ይቅርታ ጠይቀዋል። ሁለቴ አስነበብኳት።

መስከረም 27
ጅራቱ አለቀ። ክንፉን አዘዝን።

ታኅሣሥ 11
ክንፉ ገባ። ሳጥኑ ትልቅ ነው፤ አራት ሰው ተሸከመው። አሁን አሠራሯን ቀይራለች። እያንዳንዱን ዕቃ መጀመሪያ እጄ ላይ ታስቀምጣለች። ግራ ወይ ቀኝ እላለሁ። ከዚያ ነው እርሳሷ የሚንቀሳቀሰው።

አሥራ ሰባተኛው ላይ ቀኝ አልኩ። እርሳሷ ቆመ። ከእጄ ወስዳ ገልብጣ መለሰችልኝ። ዳበስኩት። የግራ ነው። ላዩን ወደ ታች አድርጌ ነበር የያዝኩት።

እንለፈው? አለችኝ። ማስታወሻው ላይ አልጻፈው ወይ ማለቷ ነው።

“አይለፍ። ተሳስቷል ብለሽ ጻፊ።”