ለፎቁ የቀሩት ፌሮዎች

ሐምሌ 21

ዛሬም ሳሎኑ ሲያፈስ ዋለ። እኔም ሳፋ ስደፋ፣ ባልዲ ስቀይር አንዴ እንኳ ሳልቀመጥ መሸ።

ግንበኛው ጋሽ እንድሪስ የጣሪያው ሶሌታ ላይ ወጥተው አዩትና ራሳቸውን እየነቀነቁ ወረዱ። «እትዬ፣ ሬንጅ ቢቀቡት፣ ሲሚንቶ ቢያስለስኑት ከንቱ ድካም ነው። ውሃው የሚገባው በፌሮዎቹ ሥር ነው። ይቆረጡና ቆርቆሮ ይልበስ» አሉኝ።

ፌሮዎቹን እንደቆሙ የተውናቸው ለፎቁ ነው። ልጃችን ዳዊት ሲያገባ ከላያችን እንዲኖር። አባቱ ክረምት በመጣ ቁጥር ዝገት እንዳይበላቸው በየጫፋቸው የፕላስቲክ ጠርሙስ ይደፋባቸዋል። ዛሬ ቆርቆሮ የሚል ቃል ሲሰማ ጊዜ «ታዲያ ልጄ የት ሊገባ ነው?» ብሎ ጮኸብኝ። እኔ እንዳፈሰስኩት ሁሉ!

ጓዳ ገብቼ ደብረ ሲና ለሚኖረው ለዳዊት ደወልኩ። «እማዬ፣ አስቆርጡት» አለኝ፣ ምንም ሳያስብ። «እኛ እዚሁ ቦታ ገዝተናል። ሚስቴም የቆላውን ሙቀት አትችለውም። ለአባዬ አንቺው ንገሪልኝ።»

አንቺው ንገሪልኝ! እሱ እዚያ ደጋው ላይ ጋቢውን ደርቦ ይቀመጥ፤ እኔ እዚህ ምን ብዬ ልጀምር?

ጋሽ እንድሪስን ነገ ይምጡ አልኳቸው። ወዲያው ደውዬ ደግሞ ትንሽ ይቆዩ አልኩ። ምን ዓይነት ሴት ናት ሳይሉኝ አይቀሩም።

አሁን ዝናቡ ጋብ ብሏል። ባሌ ነፋስ የጣላቸውን ጠርሙሶች ሊመልስ ሶሌታው ላይ ወጥቷል። ኮቴው ከራሴ በላይ ወዲያ ወዲህ ሲል ይሰማኛል። ፎቁ አልቆ ሰው የገባበት ይመስላል።