የመኪናዋን በር ወደ ግንቡ ያዞሩት እትዬ መስታወት

ዛሬ የምንሸኛቸው እኅታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከልብስ አጣቢ እናታቸው በ1949 ዓ.ም. ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ተወለዱ። አፋቸውን የፈቱት «ለምን» በሚል ቃል ነው ይሉ ነበር እናታቸው። ትምህርታቸውን ሲገፉ ታናሽ ወንድማቸው ከሰባተኛ ክፍል ወጥቶ መሪ ጨበጠ፤ ቤቱ ሁለት ተማሪ አይችልም ነበር። ይህ እስከ ዛሬ የትም አልተነገረም፤ እነሆ ተነገረ።

በ1971 በጥርስ ሕክምና ተመርቀው፣ በየትምህርት ቤቱ እየዞረች ተማሪዎችን በነጻ በምታክም የመንግሥት መኪና ላይ ተመደቡ። ሾፌሩ ያው ወንድማቸው ነበር። ትንሿ የአፍ መስታወት ከእጃቸው ስለማትለይ ተማሪዎች «እትዬ መስታወት» አሏቸው። በ1975 ከሬዲዮ ጠጋኝ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴት ልጆች አፈሩ።

ትንንሾቹ ተጋፍተው ሲመጡ፣ አሥራ አራት ዓመት የሞላቸው ድርሽ አይሉም ነበር። የፕሮግራሙ ኃላፊ የጉርምስና ስንፍና ነው ብለው፣ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ካልመጡ ከፕሮግራሙ እንደሚሰርዟቸው አስታወቁ። እኅታችን አልተዋጠላቸውም። ሦስት ሳምንት ሙሉ በእረፍት ሰዓት ከተማሪዎች ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ጠየቁ። አፏን በእጇ ከልላ የምትስቅ አንዲት ልጅ በመጨረሻ ነገረቻቸው፦

«እትዬ፣ በሩ እኮ ወደ ሜዳው ነው የሚከፈተው። ስንገባ ሁሉም ያየናል፤ አፏ የሸተተ ገባች ይሉናል።»

ሰው እንዲያያት ብሎ መኪናዋን እንዲያ የሚያቆማት ሾፌሩ ነበር። እኅቱ ሲነግሩት በማግስቱ በሩን ወደ ትምህርት ቤቱ አጥር ግንብ አዞራት። በበሩና በግንቡ መካከል አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ክፍተት ቀረ፤ በሳምንቱ ጎረምሶቹ ግንቡን ታከው ተሰለፉ። ከፕሮግራሙ መሰረዛቸውም ቀረ። በተሰጣቸው የምስጋና ወረቀት ላይ መኪናዋ እንኳ ተጠቅሳለች። ሃያ ሁለት ዓመት ግንብ ሳያስነካ ወደ ኋላ እየነዳ ያስገባት ሰው ግን ወረቀቱ ላይ የለም።

ባለቤታቸውን በሞት ካጡ በኋላ በ2009 ጡረታ ወጡ። ባለፈው ዓመት ኩላሊታቸው ታመመ። አንድ ቀን ወንድማቸው አልጋቸው አጠገብ በሆነ ነገር ሳቀ፣ አፉን በእጁ ከልሎ። ረጅም ጊዜ አዩት።

«የሰውን ልጅ ሁሉ ስጠይቅ ኖሬ አንተን ሳልጠይቅህ» አሉት። «እስቲ ክፈት።»

በስልሳ አራት ዓመቴ ነው ወይ ብሎ አንገራገረ። ክፈት አልኩህ አሉት። መስታወቷን ከቦርሳ አስወጥተው፣ ጥርሶቹን አንድ በአንድ አዩለት፤ ሦስቱ የሚድኑ ናቸው አሉ። ቀጠሮውንም ራሳቸው በስልክ አስያዙለት፤ ለፊታችን ሐሙስ ነው።

መጋቢት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. አረፉ። ሁለት ልጆች፣ ሦስት የልጅ ልጆችና አንድ ወንድም ትተዋል። ስንቱን ሰው ሳያየው በጠባብ በር ያስገቡትን እኅታችንን፣ ፈጣሪ እሳቸውን ሁሉ እያያቸው በሰፊው በር ያስገባልን። ወንድማቸውም ሐሙስ ይሄዳል።