እግር የማያስቆም ውሃ

ሐሙስ ረፋድ፣ ነፋሱ ገና ሳይነሳ

ለተከበርሽው፣ ለተፈራሽው፣ ደብዳቤ ለመመለስ ግን ለምትሰንፊው ለእህቴ ልጅ፣ ለእሜቴ፤

ጤናሽን ከመጠየቄ በፊት ክስ አለኝ። የላክሽልኝ የቤት ጫማ ይጮኻል። ቀኙ ጨዋ ነው፤ ግራው በተራመድኩ ቁጥር «ሲጥ» ይላል። ሰው ሲያረጅ የሚቀረው ደስታ ኮቴውን አጥፍቶ ሰው ማስደንገጥ ብቻ ነበር፤ አንቺ እሱንም ቀማሽኝ። ጎረቤቴ ጫማ ጠጋኙ አንድ ቀን ጆሮውን ሰጥቶ ሲያዳምጥ ቆየና «ውስጡ አይጥ ወልዳለች፤ ልክፈተው?» አለኝ። የእህቴ ልጅ የላከችው ጫማ ቢላ አይነካውም ብዬ ከለከልኩት። እንግዲህ ቤቴ ውስጥ እንደ ሙሽራ መኪና እየጮኽኩ እየዞርኩ ነው፤ ኃጢአቱ ያንቺ ነው።

ሳቅሽ? ጥሩ። ጫማውን ያስቀደምኩት ወደ ዋናው ነገር ለመግባት ድፍረት አጥቼ ነው። የምጽፍልሽ ስለ እናትሽ ነው።

ደህና ናት። ትበላለች፣ ትተኛለች፣ በሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ መተኮሷንም አልተወችም። እሁድ እሁድ ስትደውዪ የምትነግርሽ ይህን ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ። ያልነገረችሽን እኔ ልንገርሽ፦ እናትሽ ካይት እየተማረች ነው። አዎ፣ ያንኑ ወንድምሽ የሄደበትን። ሸራ ሰማይ ላይ ሰቅሎ፣ በገመድ ከወገብ ጋር አስሮ፣ በሰሌዳ ውሃ ላይ መንሸራተት።

ነገሩ የተጀመረው ክረምቱ እንዳለፈ ነው። አሰልጣኙን ታስታውሽዋለሽ፤ በቁመቱ ቀጭኔው የምንለውን። ጀልባዬን ለትምህርቱ ይከራየኛል፤ እኔም እነዳለታለሁ። አንድ ቀን ወደቡ ላይ ገመድ ስንጠቀልል እናትሽ ከሥራ እንደወጣች፣ የሥራ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ መጣችና ፊቱ ቆመች።

«አስተምረኝ» አለችው።

«እትዬ፣ ምኑን?»

«ይሄንኑ ነዋ። ገመድ የያዝከው ልብስ ልታሰጣበት ነው?»

ቀጭኔው ወደኔ አየ። እኔ ወደ ሰማይ አየሁ። «እትዬ፣ እዚህ ውሃው ጥልቅ ነው» አላት። «ሌላ ቦታ ጀማሪ እወገቡ ድረስ ቆሞ ይማራል። እዚህ ከድንጋዩ ትንሽ ራቅ ካሉ እግር የሚያስቆም የለም። ከጀልባ ላይ ነው የሚወረደው። ዋናስ ይችላሉ?»

«ከዚህ ወንድሜ እሻላለሁ። እሱ ዕድሜውን ጀልባ ላይ ጨርሶ ባልዲ ውስጥ ይሰምጣል።»

«ከባድ ነው እኮ፣ እትዬ።»

«ልጄን እዚሁ አይደል ያስተማርከው?»

ልጇን ያስተማረ ሰው እንዴት ይከለክላታል? ቀጭኔው ተቀበላት።

የምታውቂውን ልድገምልሽ፤ የእናትሽ ሐሳብ እንዲገባሽ ብዬ ነው። ወንድምሽ ፌንጣ ያን ዕለት ጀልባ ሳያስከትል ብቻውን ከድንጋዩ ተነሥቶ ወጣ። ነፋሱ ወደ ባሕር ዞረበት። ሸራው በማግስቱ ከገመዱ ጋር ሲንሳፈፍ ተገኘ፤ እሱና ሰሌዳው አልተገኙም። ፈላጊዎቹ ፈልገው ፈልገው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተመለሱ። ሁላችንም እንደማይመለስ ገባን። እናትሽ ግን ሸራውን አገላብጣ አየችና «ሸራውን ከወገብ የሚፈታውን መልቀቂያ የሳበው ራሱ ነው፤ የተበጠሰ ገመድ የለም። ስለዚህ አእምሮው እንዳለ ነበር። ሰሌዳውን ይዟል» አለች። እስከ ዛሬ ከዚያች ቃል ንቅንቅ አላለችም። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡትን ሁሉ «ማን ሞቶ?» እያለች ከበር መልሳለች።

ትምህርቱን ብታዪ ግን! መጀመሪያ ቀን ሸራው ጎትቶ ከጀልባው ላይ እንደ ከረጢት ወረወራት። እኔ አጨበጨብኩ። ውሃ እየተፋች ብቅ አለችና «ዕድሜዬን ሙሉ ከእርጥብ አንሶላ ጋር ስታገል የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ይሄ አያሸንፈኝም!» አለች። አላሸነፋትም። ውሃ ላይ የተኛ ሸራ እንደገና ማስነሳት ጎረምሶቹን ሲያስለቅስ እሷ አንዱን ገመድ ሳብ አድርጋ፣ ጠብቃ፣ የአንሶላ ጫፍ እንደምታራግፈው አድርጋ ታስነሳዋለች። እኔማ ኮራሁ። ቡና ቤት ለተቀመጠው ሁሉ «እህቴ በዚህ ዕድሜዋ ትበራለች» እያልኩ አወራሁ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ፊቷ ላይ ቀለም ሳይ፣ ዳነች ብዬ ነበር። ቂል ነኝ።

ጥልቅ ውሃ ላይ ከሰሌዳው በፊት የሚለመድ ነገር አለ፤ መጎተት ይሉታል። በሆድ ተኝቶ፣ ሸራውን ዝቅ አድርጎ፣ ውሃውን እየሰነጠቁ መሄድ። ነፋሱ ወደሚወስድበት መጎተት ቀላል ነው፤ ሕፃንም ይችለዋል። ትምህርቱ ያለው ከነፋሱ ተቃራኒ፣ በአንድ ክንድ ውሃውን እየቆረጡ፣ ግራና ቀኝ እየተመላለሱ መመለስ ላይ ነው። ሰሌዳ ያመለጠው ሰው የሚተርፈው በዚያ ነው። እናትሽ የመጀመሪያውን በአንድ ቀን አወቀችው። ሁለተኛው ላይ ስንደርስ፦

«አሁን መመለሱን እንለማመድ፣ እትዬ።»

«እሱ ይቆየኝ።»

«ሳይመለሱ እንዴት ይሆናል? ሰሌዳውም ላይ ገና አልወጡም።»

«ከሰሌዳ ላይ ሆኜ ምን አያለሁ? አንተ ያቺኑ የመጀመሪያዋን ድገምልኝ።»

ደገመላት። ያኔ ነው ያስተዋልኩት። የዋና መነጽር አጥልቃ፣ ፊቷን ውሃው ውስጥ ነክራ ነበር የምትጎተተው። ለትንፋሽ ብቻ ቀና ትልና መልሳ ትነክራለች። እኔ አንገቷ ደክሞ መስሎኝ ነበር። ደርሼ ክንዷን ይዤ ወደ ጀልባው ሳወጣት፣

«ምን ይታያል?» አልኳት፣ ለቀልድ ያህል።

«አረንጓዴ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ጥቁር» አለች፤ ድስቱ ውስጥ ምን እንዳለ እንደምትነግረኝ ዓይነት። ጸጉሯን ጨምቃ «ወደ ውጭ ራቅ ሲሉ ግን ውሃው ይጠራል አሉ» ብላ ጨመረች።

ወደ ወደቡ ተመለስን። እሷ ስትሄድ ቀጭኔው ገመዱን እየጠቀለለ ጀርባውን ሰጠኝ። «ከእንግዲህ አላስተምራቸውም፣ ጋሼ» አለ። «ተማሪ ሁሉ ገና እግሩ ጀልባው ላይ ሳይደርስ የሚጠይቀኝ እንዴት እንደሚመለስ ነው። እሳቸው አንድ ቀን እንኳ አልጠየቁኝም።» የገመዱን ሌላ ጫፍ ይዤ አብሬው ጠቀለልኩ።

ቀጭኔው በሩን ሲዘጋባት ወደኔ መጣች። ጀልባህን አስነሣና ከመጨረሻው ተንሳፋፊ መብራት አሳልፈህ አውርደኝ አለችኝ። እዚያ አውርደኝና ከኋላ ተከተለኝ፣ ነፋሱ ልጄን በወሰደበት ልሂድ አለች። እኔ እምቢ ማለት አላውቅም፤ ተንኮል ግን አውቃለሁ። በመጀመሪያ የሞተሩ ካንዴላ ተቃጥሏል አልኳት። በሌላ ጊዜ ነዳጅ ማጣሪያው ተደፍኗል። ቀጥሎ ሞተሩ ላይ የዓሣ መረብ ተጠመጠመ። መረቡን ራሴ ነበርኩ የጠመጠምኩት። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችኝና «ወንድሜ፣ ሞተሩን ተወውና መጀመሪያ ውሸትህን ጠግን» ብላኝ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ተኳርፈናል። በሞተር መጠገኛ ክፍሌ በር ስታልፍ ፊቷን ታዞራለች። እህትና ወንድም ነን፤ ስንጣላ ኖረናል፣ ግን ጀንበር አስጠልቀን አናውቅም ነበር።

አሁን ጉዳዩን ልንገርሽ። እሁድ እሁድ «አይዞሽ እማዬ፣ ይገኛል» ትያታለሽ። ስልኩን ከዘጋች በኋላ የሸራው ገመድ የሚያያዝበትን የወገብ መታጠቂያዋን አውጥታ በሰም ታሸዋለች፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ያንቺን ቃል ነው ይዛ ውሃ የምትገባው። እባክሽ ተዪው። ሌላ የምትያት ከጠፋሽ ስለ አየሩ፣ ስለ ሥራሽ፣ ስለ ጎረቤትሽ ውሻ አውሪያት።

ለምን እንደምትያት አይገባኝም ማለቴ አይደለም። ሸራውን ለልደቱ የላክሽለት አንቺ ነሽ። ስለዚህ ነው መምጣቱ የከበደሽ፤ በየደብዳቤሽ ፈቃድ አጣሁ፣ ትኬት ጠፋ የምትዪው። እኔ የውሸት ባለሙያ ነኝ፤ የሌላውን ሳየው አውቀዋለሁ። ስሚኝ፤ እናትሽ አንድም ቀን ስምሽን ከዚያ ሸራ ጋር አንስታ አታውቅም። የተቀደደችውን ጫፍ ራሷ ሰፍታ፣ የምትማርበትም በዚያው ነው። «የልጆቼ ነው» ነው የምትለው፤ የሁለታችሁም።

ሞተር መጠገን ማንም አላስተማረኝም፤ እየፈታሁ እያበላሸሁ ነው የተማርኩት። ጨው ውሃ የገባበት ሞተር ሲያመጡልኝ ገና ክዳኑን ሳነሣ አውቃለሁ። ባለቤቱ ግን አጠገቤ ቆሞ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። «እስቲ እናያለን» እለዋለሁ። አጥቤ፣ ዘይት ቀብቼ፣ መደርደሪያው ላይ አኖርለታለሁ። እየመጣ ያየዋል። አንዳንዱ ዓመት ይመላለሳል። ለእናትሽም ያልኳት ይህንኑ ነው፦ እስቲ እናያለን። የምናየው ነገር የለም፣ እሜቴ። ፌንጣ አይመጣም። ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

ለሷ ልነግራት አልችልም። ሞክሬያለሁ፤ አፌን ስከፍት ቀልድ ይወጣል። አንቺ ግን ልጇ ነሽ። ብትመጪ፣ አጠገቧ ብትቀመጪ፣ ምናልባት አንቺ እንዳለሽላት ታይ ነበር። ብትመጪም ላትሰማሽ ትችላለች፤ አላታልልሽም። ሌላ የማውቀው መንገድ ግን የለም

በሩ ተንኳኳ። ቆይ።

በመስኮት አየሁ፤ እሷ ናት። ከእኔ ቤት እግሯን ካነሣች ስንት ጊዜዋ! መታጠቂያዋን ከነልብሷ ታጥቃለች።

«ተነሥ፤ ነፋሱ ገብቷል!» ትላለች ከውጭ።

«ሞተሩ እኮ…» አልኳት።

«ሞተሩ ደህና ነው። አሁን አስነሥቼው ነው የመጣሁት፤ ሲሠራ ትቼዋለሁ። ሸራውንም ጭኛለሁ። ከመጣህ ና፣ ካልመጣህ ነዳጁ እያለቀ ነው።»

ማን አስተማራት? እኔ ነኛ፤ ያኔ ልጆች ሳለን። «ሱሪዬን ልልበስና መጣሁ» አልኳት። ሱሪዬን ለብሻለሁ፤ ይህችን ለመጨረስ ዋሸኋት።

ብቀር ብቻዋን ትሄዳለች። ስለዚህ እሄዳለሁ። ከኋላዋ እከተላለሁ፤ መመለሱን እሷ ባትማር እኔ አውቀዋለሁ፤ ክንዷን እስክይዝ ነው። እሷ እንድይዛት ከፈቀደች ማለቴ ነው።

እግርሽ የሚቆምበት መሬት አይጣ፣ እሜቴ። የምትጠሪው ሁሉ አቤት ይበልሽ። ፖስታውን ለጫማ ጠጋኙ ጥዬለት አልፋለሁ።

አሁንም እያንኳኳች ነው። በእጇ የመንሳፈፊያ ጃኬት ይዛለች፤ «አንተ ዋና አትችልም፣ ይሄን ልበስ» ትለኛለች። ሰፊው ነው፣ የኔ ልክ። ቀጭኔው እኮ ያለ መንሳፈፊያ ጃኬት አንድ ቀን ውሃ አስገብቷት አያውቅም ነበር። ለራሷ የያዘችው አይታየኝም።

ነይ።

አጎትሽ