ስንጥቁን አይቼ ዝም አልኩ

ፌዝ ከተማ፣ ሐሙስ

ውድ አባቴ፣

በስልክ ብነግርህ ግማሹን አትሰማውም፤ ይህን ነገር ደግሞ እየጮህኩ መናገር ስለማልችል ቁጭ ብዬ ጻፍኩልህ። ደህና ነኝ። በቱልም በሕይወት አለች። ይህን አስቀድሜ የምነግርህ ቀሪውን ስታነብ እንዳትደነግጥ ነው። እኔ ግን አሁንም ሰው በር በዘጋ ቁጥር ብድግ እላለሁ።

ቅዳሜ ነው የደረስኩት። በቱል ከባቡር ጣቢያው ተቀብላኝ ወደ አሮጌው ከተማ ገባን። አብራኝ መምህርነት የተማረችውን በቱልን ታስታውሳታለህ፤ ስትሄድም ስታወራም የምትሮጠዋ። ባሏ አንዋር አጋዲር ዓሣ እያሰገረ ስለሆነ ከአማቷ ጋር ሁለቱ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ሰፈራቸው ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስኬድም። አንዱ የተጫነ በቅሎ እየነዳ «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» እያለ ሲመጣ ግድግዳ ላይ ተለጥፈን አሳለፍነው። ከራሳችን በላይ ቤቶቹን የደገፉ የእንጨት ባላዎች ነበሩ። ያኔ ልብ አላልኳቸውም።

አማቷ፣ ሰፈሩ በክብር «ላላ» የሚላቸው ላላ ዙህር፣ ጉልበታቸው እምቢ ካላቸው ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ከፎቅ አይወርዱም። ገና ሲያዩኝ፣ «የግንበኛው ልጅ አንቺ ነሽ? ምነው እንዲህ ከሳሽ፣ አባትሽ ከኖራ ሌላ አያበላሽም እንዴ?» አሉኝ። ስቄ እጃቸውን ሳምኩ። ለእኔ ብለው በእርግብ ሥጋ የተሞላ ባስቲላ አሠርተው ነበር። ያሳደሩኝም ከሳቸው ክፍል ቀጥሎ ባለው፣ ጣሪያው በተቀረጸ ዝግባ በተሠራው በቤቱ ምርጥ ክፍል ነው።

ስንጥቁን ያየሁት እዚያ ነው። ከመስኮቱ ማዕዘን ተነስቶ እስከ ወለሉ ይወርዳል። ታች ላይ እጄን ብሰድ እስከ አንጓዬ ገባ። ከውስጥ ቀዝቃዛ አየር ነካኝ።

ለበቱል አሳየኋት። «አሮጌ ቤት እኮ ነው! ይሄን ሁሉ ዘመን ቆሞ አንቺ ስትመጪ ሊወድቅ ነው? የኔም ፊት ተሰነጣጥቋል፣ ይኸው ቆሜያለሁ» ብላ ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅኩ። እንግዳ ነኝ፤ ባስቲላቸውን በልቼ ስጨርስ ቤታችሁ ሊወድቅ ነው እንዴት ልበል?

እሑድ ከተማውን ልታሳየኝ ይዛኝ ወጣች። ከሰገነት ላይ ሆነን የቆዳ ፋቂዎቹን ባለቀለም ገንዳዎች አየን። ሰው ሁሉ ከሽታው የተነሳ የናና ቅጠል አፍንጫው ላይ ይዞ ቁልቁል ያያል፤ እኔ የማየው የሰገነቱን ግድግዳ ነበር። መስጊድ ስታሳየኝ ማዕዘኑን፣ መድረሳ ስታሳየኝ ምሰሶውን። በቱል፣ «ምን ሆነሻል? ፍርሃት የገባው ሰው ትመስያለሽ» አለችኝ። ደክሞኝ ነው አልኳት።

በልጅነቴ ሳልወድ በግድ ያስተማርከኝ ነገር ትዝ አለኝ፤ ስንጥቅ ላይ ጀሶ መለጠፍ። ጀሶው ከተሰበረ ግድግዳው እየሄደ ነው ትለኝ ነበር። በቱል ቅመም ስትገዛ ጀሶ ከሚቀርጹ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ገብቼ ትንሽ ለመንኳቸው።

«ምን ልታደርጊበት ነው ልጄ?»

«ስንጥቅ ላይ ልለጥፈው።»

መሮአቸውን አስቀመጡና ዐይን ዐይኔን አዩኝ። «ሰዎች የሚተኙበት ቤት ነው?»

«አዎ።»

«በአንድ ቀን ከተሰበረ ጫማሽን እንኳ አትፈልጊ፤ ውጪ።»

ከሰዓት በኋላ በሬን ዘግቼ ሦስት ቦታ ለጠፍኩ። ሲመሽ ዝናብ ጀመረ፤ ሳያባራ አደረ። ሰኞ ጠዋት ሁለቱ ጀሶዎች እንደ ደረቅ ብስኩት መሐል ለመሐል ተሰብረዋል። የክፍሌ በርም አልገጥም አለ።

አባቴ፣ አሁን የምነግርህን ለማንም አልተናገርኩም። ይህን አይቼ ወደ ቁርስ ወረድኩ። ዳቦ በማር በላሁ። ላላ ዙህር ከላይ፣ «በቱል፣ ዛሬ ደግሞ የመቃብሮቹን ኮረብታ አሳያት!» ሲሉ ሰማሁ። አሮጊቷን እዚያ ግድግዳ ሥር ትቼ ለጉብኝት ወጣሁ። አፌን በከፈትኩ ቁጥር የሚወጣው ምስጋና ነበር።

ኮረብታው ላይ ስንደርስ ከተማው በሙሉ ከታቻችን ተዘረጋ። በቱል በጣቷ፣ «ያውልሽ ቤታችን፣ አረንጓዴው ሚናሬት አጠገብ» አለችኝ። መሬት ላይ ቁጭ አልኩና ሁሉንም ዘረገፍኩት።

«ጀሶውን መቼ ነው የለጠፍሽው?» አለችኝ።

«ትናንት። ዛሬ ጠዋት ተሰብሮ አገኘሁት።»

«ዛሬ ጠዋት አይተሽ ነው አብረሽኝ ቁርስ የበላሽው?» ፊቷ ነጭ ሆነ። ከዚያ ሮጠች።

ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረድነው አላውቅም። በየጠባቡ መንገድ ሰው እየገፋን፣ ድንጋዩ በዝናብ እያንሸራተተን። ቤቱ ቆሞ ነበር። ገባን። ከፎቁ አቧራ እንደ ዱቄት ይወርዳል፤ ዝግባው ይንቋቋል። እንጨት ያስጠነቅቃል፣ ድንጋይ አያስጠነቅቅም ትለኝ የነበረውን ያኔ ነው የሰማሁት።

«ላላ፣ እንውጣ፣ ይነሱ» ስላቸው መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ፣ «እዚህ ቤት ሙሽራ ሆኜ ነው የገባሁት። ከዚህ የምወጣው ሬሳ ሆኜ በቃሬዛ ነው» አሉኝ።

«ሬሳሽን ከድንጋይ ሥር ነው የምንለቅመው! ተነሺ አንቺ አሮጊት!» ብዬ ጮህኩባቸው። አንቺ አልኳቸው አባቴ፣ በገዛ ቤታቸው። በድንጋጤ አፋቸውን ከፍተው ሲያዩኝ በሱፍ ብርድ ልብሳቸው ጠቅልለን፣ በቱል በእግራቸው እኔ በራሳቸው ይዘን ደረጃውን አወረድናቸው። ጎረቤቱ ዳቦ ቤት ጓዳ ውስጥ አስቀመጥናቸው። የተረፍን መሰለኝ።

ወደ መንገዱ ወጥቼ ዞር ስል በቱል የለችም። «ሻንጣሽ ቀርቷል!» የሚል ድምፅ ብቻ ከቤታቸው በር ውስጥ ሰማሁ።

«በቱል! ተይው!»

ቤቱ ሲወርድ ድምፁ እንደጠበቅኩት ትልቅ አልነበረም፤ ከባድ ነገር የተነፈሰ ይመስል ነበር። ከዚያ መንገዱ በአቧራ ተሞላና ምንም አልታየኝም። የጎረቤት ወንዶች በባዶ እጃቸው ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆፈሩ። እኔም ቆፈርኩ፤ ብዕሩን በደንብ መያዝ ያቃተኝ ለዚያ ነው። ቀኝ እግሯ ሁለት ቦታ ተሰብሮ አወጧት። ሐኪሙ በምርኩዝ ትሄዳለች ብሏል።

ትናንት ሆስፒታል ዐይኗን ስትገልጥ የመጀመሪያ ጥያቄዋ፣ «ሻንጣሽ ውስጥ ምን ነበር?» የሚል ነው።

«ሁለት ቀሚስና የጥርስ ብሩሽ» አልኳት።

ትንሽ ሳቀች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ እስክወጣ ድረስ አልተመለሰችም።

ላላ ዙህር የዳቦ ቤቱ ባለቤት ዘንድ ተጠግተዋል። ቤታቸው መፍረሱን የነገራቸው አልነበረም። በየቀኑ «መቼ ነው የምገባው?» ሲሉ ሁሉም «እየታደሰ ነው» ይላቸዋል። ዛሬ ጠዋት አጠገባቸው ተቀመጥኩና፣ «ቤቱ የለም ላላ። ፈርሷል። በቱልም የተጎዳችው የኔን ሻንጣ ልታወጣ ገብታ ነው» አልኳቸው።

እጄን ያዙ። በኋላ፣ «ይሄን ቅዳሜ ነበር የምትነግሪኝ» አሉኝ። እጃቸውን ግን ከእጄ አላወጡም።

በዚህ መንገድ ላይ አሥራ አንድ ቤት ቀርቷል። የግንበኛ ልጅ ናት ተብሎ ስለተወራ እናቶች እጄን እየጎተቱ ግድግዳቸውን ያሳዩኛል፤ እኔ ከጀሶ ሌላ የማውቀው የለም። ሁሉንም እፈራዋለሁ፣ የማይፈራውን ከሚፈራው መለየት አልቻልኩም። ደብዳቤውን ነገ ጠዋት የሚደርስ መንገደኛ ያመጣልሃል፤ እባክህ ና። ዓርብ ማታ ኡጅዳ ላይ ባቡር ተሳፈር፤ ቅዳሜ ጠዋት ጣቢያው ላይ ቆሜ እጠብቅሃለሁ። የግድግዳ መለኪያ ቱምቢህን አትርሳ።

የፈራችው ልጅህ፣
ሐስና