የቆላ መዥገር በእኛ በረት

ሰኔ 10፣ ጠ. (ጠዋት)
እግሬ አብጧል። ትናንት ከቆላው ከአበርገሌ ተመለስኩ፤ ሦስት ቀን ከብት ሳክም። ማስታወሻዬ፣ ትልቁን መዥገር አየሁት! ጀርባው በቀለም የተሳለ ይመስላል፣ እግሩ ዝንጉርጉር፣ አፉ ረጅም። እዚህ ሰቆጣ ዙሪያ ወደ እንስሳት ጤና ኬላችን በሚመጡ ከብቶች ላይ የማገኘው ትንሹን ግራጫውን ብቻ ነው። ዘጠኝ ለቅሜ በውኃ ጠርሙስ አመጣሁ። አልኮል አልቆብኝ ነበር፣ በሕይወት አሉ። ክዳኑን በመርፌ በስቼላቸዋለሁ። መደርደሪያ ላይ ይሰንብቱ።

ሰኔ 12፣ ከሰዓት
ሚካኤል። ሥራ የለም። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን መጥታ በሬዎቹን ጠበል ረጨች፤ የእኛን ዳማና የጎረቤታችንን የአያ ሞላን ቡሬ። (ከእንግዲህ አ.ሞ. እላቸዋለሁ፤ እጄ ሰነፍ ነው።) እሳቸውም አንድ በሬ፣ አባቴም አንድ በሬ። መቀናጆ ገብተው አንድ ቀን የእኛን፣ አንድ ቀን የእሳቸውን ማሳ ያርሳሉ። በእርሻ ሰሞን ቡሬ እኛው በረት ያድራል። ዝናቡ ገብቷል፤ የጤፉ ማሳ ገና ሁለት እርሻ ይቀረዋል።

ሰኔ 17፣ ጠ.
አልገባኝም። ቡሬ ብብት ሥር አራት፣ ዳማ ብሽሽት ላይ ሁለት። ያው ባለቀለሙ! እዚህ! ስድስቱንም ነቀልኩ። አባቴ ከየት መጣ አለኝ። ቡሬ አምና ከአበርገሌ ገበያ የተገዛ ነው፣ እሱ ይሆናላ አልኩት። እንደ አዋቂ፣ ጋውኔን ለብሼ።

ሰኔ 18
አባቴ መቀናጆው ፈርሷል ብሎ ቡሬን አስወጣ። አ.ሞ. አልተከራከሩም። በሬያቸውን እየነዱ ሲያልፉ ለእኔ ብቻ፦ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ ልጄ» አሉኝ።
ተናደድኩ። ለምን ተናደድኩ?

ሰኔ 20፣ ጠ.
ዝናብ። ሁለት በሬ በሁለት ደጅ ቆሞ ያመሰኳል፤ ማሳው ሣር እያወጣ ነው። አባቴ ሌላ ባለ አንድ በሬ ፍለጋ ሁለት መንደር ዞረ። ሁሉም ተቀናጅቷል። አ.ሞ. በዶማ ጀምረዋል አሉ። በዚያ ወገባቸው!
የኮሌጅ ደብተሬን ገለጥኩ። መዥገር ጠግቦ ይወድቃል፤ አንድ በሬ ላይ ዓመት አይከርምም። ቡሬ ከመጣ ግን ዓመት አልፎታል። ደብተሩ ተሳስቷል? እኔ ነኝ የተሳሳትኩት? ወይስ አ.ሞ. ደብቀው ቆላ አውርደውት ነበር? እሳቸው? ኧረ አይሆንም። ራሴ ዞረ።

ሰኔ 22፣ ጠ.
ከዳማ ጆሮ ሥር ሰባተኛውን ነቀልኩ። ከአበርገሌዎቹ ጋር ላስተያየው መደርደሪያው ጋ ሄድኩ። ጠርሙሱ የለም።
እናቴን ጠየቅኋት። ጓዳ ገብታ ይዛው መጣች። ጠበል ሞልቶበታል። ክዳኑ ላይ የበሳሁትን በጧፍ ሰም ደፍናዋለች።
«ለሚካኤል መቅጃ አጥቼ ነው። ተባይ ነገር ነበረበት። በበዓሉ ቀን ነፍስ አላጠፋም ብዬ በረት አራገፍኩት፣ ይሂድ ብዬ።»
ይሂድ ብላ! ሳቄ መጣ። ከዚያ አለቀስኩ። እሷ ምን ታድርግ፤ ያመጣሁት እኔ፣ ምን እንደሆነ ያልነገርኳት እኔ፣ በሰው በሬ ላይ የፈረድኩት እኔ።

ያው ቀን፣ ከሰዓት
ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ዝም ብል ማን ያውቃል? እናቴ እንኳ አልገባትም። አባቴ በሰው ፊት የተናገረውን መመለስ ሞቱ ነው። ልጁን የሚያምን ሰው ነበር፤ አፈርኩ።
ግን ዘጠኝ ነበሩ። ሰባት ነቅያለሁ። የዳማን ገላ ከቀንዱ እስከ ጭራው ሁለቴ ፈተሽኩ፣ ንጹህ ነው። ሁለቱ ቡሬ ላይ እየጠገቡ ይሆናል። የቡሬ አይደሉም፣ የእኔ ናቸው።
እሄዳለሁ። መቆንጠጫውን ይዣለሁ። ቀንበሩንም ከግድግዳው አውርጃለሁ፤ እሳቸው ደጅ ባዶ እጄን አልቆምም። አባቴ ከበረት ሆኖ ቀንበሩን ወዴት ነው እያለ ይጣራል። መጀመሪያ ለእሱ እነግረዋለሁ።